እማዬ፣ ሁለተኛዋን ስንኝ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤውን የእታለም ልጅ ታነብልሻለች። አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰዓት አይሁን። እማዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ብቻችሁን ሁኑ። መሃል ላይ "በቃ" ካለችሽ ዝጊውና ሌላ ቀን ትጨርሺላታለሽ።

እማዬ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ላይ አፌ ስለሚተሳሰር ነው። አንቺም ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ።

መጀመሪያ የዓይንሽን ነገር እንጨርስ። ሐኪሙ ሞራ ነው ካለ ሞራ ነው። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ቀጠሮውን ግን እንዳታሳልፊው። በሰመመን አያስተኙሽም፣ ዓይንሽን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት። የደፈረሰውን ሌንስ ያወጡና በቦታው ንጹሕ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ አንቺ አርፈሽ አትቀመጪማ! ዓይን ማሸት የለም። ጎንበስ ብሎ ግቢ መጥረግ የለም። ከሰኞ ገበያ ከሰል አንጠልጥሎ ዳገቱን መውጣት የለም። ጠብታውን እታለም በሰዓቱ ታድርግልሽ። ቡናሽ ላይም ጨው አታብዢ፣ ግፊትሽን አስቢ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ነጠላ አጣፍታ አንቺን ሆና ትጫወታለች። "ኧረ ተዪኝ እቴ!" ስትል ቁርጥ አንቺን ነው። ትልቁ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ገባ። ክረምቱን ቁመቱ ተመዘዘ፣ ሱሪው ሁሉ አጠረው። ሒሳብ ይወዳል፣ ማጥናት አይወድም። ከኋላው ስታዪው ትከሻውና አረማመዱ የማን እንደሆነ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ። ዓይንሽ ቶሎ እንዲድን የምፈልገው ለዚህም ነው።

ባለፈው "አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ በወጉ አልመለስኩልሽም። ዛሬ ልመልስልሽ።

የግሪክ ተውኔት እየተለማመድን ነው። "የትሮይ ሴቶች" ይባላል። ዩሪፒደስ የሚባል ሰው ጽፎት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት አቴና ከተማ ውስጥ ታየ። ጦርነት አልቋል። ወንዶቹ ሞተዋል። ከተማዋ ልትቃጠል ነው። ሴቶቹ ለማን እንደሚሰጡ ይጠብቃሉ። እኔ አሮጊቷን ንግሥት፣ ሄኩባን ነኝ። ሲጀመር መሬት ላይ ተደፍታ ነው የምትታየው፤ እስከ መጨረሻው ከመድረክ አትወርድም። መርዶ በመርዶ ላይ ይመጣባታል። በመጨረሻ የልጅ ልጇን ሬሳ በአባቱ ጋሻ ላይ አጋድመው ያመጡላታል። ገንዛ፣ አልብሳ፣ አልቅሳ ትሸኘዋለች።

አዘጋጁ "ድምፁን ከየት አመጣሽው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከደሴ አልኩት።

እውነቴን ነው እማዬ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቲያትር ከመማሬ በፊት ካንቺ ተምሬ ጨርሻለሁ። ለቅሶ ቤት ይዘሽኝ ትሄጂ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ድንኳኑ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት አንዷን የሟች ዘመድ ጥግ ይዘሽ ትጠይቂያታለሽ። ምን ይሠራ ነበር? አገሩ የት ነው? ማንን ያስቀደመ ነው? ምን ይወድ ነበር? ከዚያ ትገቢያለሽ። ልብስ ሰፊ ከሆነ መቀሱን ታነሺያለሽ። ሹፌር ከሆነ መሪውን። ነጋዴ ከሆነ የተዘጋውን ሱቅ። የጻፍሽው ነገር የለም፣ ያጠናሽው የለም። እዚያው ቆመሽ ስንኙ ይመጣልሻል። አንቺ ታወርጃለሽ፣ ሴቶቹ ይቀበሉሻል። በሦስተኛው ግጥም ላይ በር ላይ የቆሙት ወንዶች እንኳ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ።

ግሪኮቹም እንዲሁ ነበሩ። መድረካቸው ላይ ኮረስ የሚሉት የሚቀበል ቡድን አለ፤ በሶፎክልስ ጊዜ 15 ሰው ነበር። አንዷ ታለቅሳለች፣ እነሱ ይቀበላሉ። የሴቶቹን ልቅሶ ጭምብል አጥልቀው የሚያለቅሱት ግን ወንዶች ናቸው። ሴት መድረክ ላይ አትወጣም ነበር። በአገራችንም ቲያትር ሲጀመር የሴቱን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ እነ አስናቀች ወርቁ መጥተው ነው መንገዱን የከፈቱልን። የአስናቀችን ክራር ስትወጂ "የእኔ ልጅ ግን አዝማሪ አትሆንም" ብለሽ ነበር። ይሁን፣ ይህ ያለፈ ነው። የዛሬው ጉዳዬ እሱ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያው አቴና፣ ተውኔቶቹ ከመጻፋቸው በፊት ሶሎን የሚባል ሕግ አውጪ ነበር። ፕሉታርክ የሚባለው ጸሐፊ እንደሚለው ሶሎን ሴቶች ለቅሶ ላይ ፊታቸውን እንዳይቧጭሩ፣ የተገጠመ ሙሾ እንዳያወርዱ፣ ደግሞም በሌላ ሰው ቀብር ላይ የራሳቸውን ሟች እንዳያለቅሱ በሕግ ከለከለ። ይህን ሳነብ አንቺ ፊቴ ድቅን አልሽ። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ እኛ አገር ማን ይከለክላል? ስንቷ ሴት ናት አንቺ ድንኳን ውስጥ ገብታ፣ የጎረቤቷን ሬሳ ሰበብ አድርጋ፣ ከዓመታት በፊት የቀበረችውን ልጇን አልቅሳ ቀለል ብሏት የሄደችው?

አንቺ ብቻ ነሽ በሰውም አሳበሽ፣ በራስሽም ቤት ያላለቀስሽው።

አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በይ። እማዬ "ቀጥዪ" ካለችሽ ቀጥዪ።

የዚያን ቀን ንጋት አልረሳውም። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል። ሐጂም ከመካከላቸው ነበሩ። በዚያ ሰዓት ሰው በር ላይ ሲቆም ለምን እንደሆነ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ስንቱን ቤት እንዲያ ስትሄጂ ኖረሻል። ሽማግሌው አፉን ከመክፈቱ "ሬሳው የት አለ?" አልሽው። ዝም አለ። "ሬሳ ሳላይ አላለቅስም። ግቡ፣ ቡና ጠጡና ሂዱ" አልሽ። ገቡ፣ ቡናውን ጠጡ፣ ሄዱ። የእድሩ ድንኳን ተጭኖ መጥቶ ሳይተከል ተመለሰ።

እኔ ጓዳ ውስጥ "ወይኔ ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። መጥተሽ በጥፊ መታሽኝ። "ዝጊ አፍሽን! ሟርተኛ!" አልሽኝ። ከዚያ በፊት መተሽኝ አታውቂም፤ ከዚያ በኋላም አልመታሽኝም። ጥፊው አላመመኝም። ያመመኝ ለራሴ ወንድም ማልቀስ መከልከሌ ነው። እታለም ሽንት ቤት ገብታ፣ በነጠላዋ አፏን አፍና ታለቅስ ነበር። እኔ እሱንም አልቻልኩም። ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ላጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ለሙሾ ሲጠራሽ "ድምፄ ተዘግቷል" ትያለሽ።

ጋሼን መድረክ ላይ ነው ያለቀስኩት እማዬ። ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ተማሪ እያለሁ ኤሌክትራን ስንሠራ አዲስ አበባ መጥተሽ አየሽኝ። የሶፎክልስ ነው። ኤሌክትራ ወንድሟ ኦሬስተስ በሰረገላ እሽቅድምድም ሞተ ተብሎ ይነገራታል። አመዱ ያለበትን ዕቃ ያመጡላታል። እቅፍ አድርጋ ታለቅሳለች። ነገሩ ግን ሐሰት ነው። ኦሬስተስ አልሞተም፤ ዕቃውን ይዞ የመጣው ራሱ ነው፣ ከፊቷ ቆሞ ያያታል። ልቅሶዋ አንጀቱን ሲበላው ማንነቱን ይነግራታል፣ የአባታቸውን ማኅተም ያለበት ቀለበት ያሳያታል።

ፖለስ የሚባል የጥንት ግሪክ ተዋናይ ነበር። ይህችኑ ኤሌክትራን ሲጫወት የገዛ ልጁ ሞቶበት ነበርና የልጁን አመድ ከመቃብር አስወጥቶ መድረክ ላይ ይዞት ወጣ ይባላል። የዕውነት ልቅሶ አለቀሰ። ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። እኔ በእጄ የያዝኳት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ባዶ ነበረች። ከጋሼ አመድም የለን፣ አፈርም የለን። በባዶ ማሰሮ ነው ያለቀስኩለት። ያን ምሽት ያልወጣኝ እንባ የለም።

ካበቃ በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ መጣሽ። ታቅፊኛለሽ ብዬ ነበር። ፊትሽ በርቶ ነበር። "አየሽ? ያ አመድ ሐሰት ነው። ወንድሟ አለ" አልሽኝ። በነጋታው ደሴ ገብተሽ የጋሼን ጃኬት ከሳጥን አውጥተሽ ፀሐይ ላይ እንዳሰጣሽው እታለም ነገረችኝ።

ምን ልልሽ እችል ነበር? ተውኔት ነው እማዬ ብልሽ ታውቂዋለሽ። የሰው ሁሉ ሞት በስንኝሽ ውስጥ አልፏል። አንቺ የማታውቂውን ምን እነግርሻለሁ? ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሐዘን ያለበት ሥራ ሲኖረኝ ልጠራሽ ፈራሁ።

ደግሞ ላንቺም እፈርድልሻለሁ። በ2014 ጥቅምት ደሴ ስትያዝ ስልኩ ጥፍት አለ። አንቺ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብለሽ ቀርተሻል። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ አንዷ ጓደኛዬ "እንግዲህ እናትሽን..." ብላ ስትጀምር አፏን በእጄ ያዝኩት። "ሳላይ አትንገሪኝ" አልኳት። ቃልሽ ከአፌ ወጣ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቃ፣ ቆይቶ ድምፅሽን ስሰማ መጀመሪያ ያልሽኝ "ዶሮዎቹ አለቁ" ነበር። ስልኩን ይዤ እየጮህኩ አለቀስኩ። እኔ አንቺን አገኘሁሽ። አንቺ ግን ያን ስልክ እስካሁን እየጠበቅሽ ነው።

አሁን ስለ አምናው ልንገርሽ፣ ደሴ ስለመጣንበት ምሽት። ተነጋግረንበት አናውቅም።

ያለ ጽሑፍ የምንሠራውን ኮሜዲ አትወጂውም ነበር። "ያልተጻፈ ነገር ሥራ ነው? ልጆችሽን ጥለሽ ለቀልድ ትዞሪያለሽ" ብለሽኝ ነበር። ጥንት ጣሊያን ውስጥ ኢዛቤላ አንድሬይኒ የምትባል ሴት ነበረች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1562 ተወልዳ በ1604 ሞተች። በእሷ ጊዜ የነበሩ የቲያትር ቡድኖች የታሪኩን አጽመ ነገር ብቻ ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ቃሉን እዚያው ይፈጥሩታል። በ1589 ፍሎረንስ ከተማ ለመስፍኑ ሠርግ ስትጫወት ያበደች ሴት ሆና ወጣች። በተለያየ ቋንቋ እየተናገረች፣ አብረዋት የሚሠሩትን ተዋናዮች አንድ በአንድ እያስመሰለች ሰውን አስደመመች። የሰባት ልጆች እናት ነበረች። ከነልጆቿም ከነሙያዋም ስሟ እስከ ዛሬ ይነሳል። ይህን የምነግርሽ ለክርክር አይደለም። ቀልዱም ሙሾውም ከአንድ ቦታ እንደሚወጣ እንድታውቂልኝ ነው። የተሰጠሽን ትቀበያለሽ፣ እዚያው ላይ ትጨምሪበታለሽ። አንቺ ድንኳን ውስጥ የምታደርጊው ነው።

ያን ምሽት አዳራሹ ሙሉ ነበር። አንቺ ከእታለም ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠሻል። የሥራ ባልደረባዬ "ቦታ ስጡን!" አለ። ከኋላ አንዱ "ሐረጎ!" ብሎ ጮኸ። "ማን ሞተ እንበል?" አለ። "ሚኒባስ!" አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ክው አልኩ።

ሐረጎና ሚኒባስ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ይህ ምን እንደሆነ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። ጋሼ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ!" እያለ። ብሩን በጣቶቹ መሃል እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ። ማታ ሲገባ ያቺን የሳንቲም ኮሮጆ ጭንሽ ላይ ሲያራግፈው። መሄዱን የነገረን ቀን እንኳ የመጨረሻውን ተራ ሠርቶ ነው የገባው።

ባልደረባዬ ወንበር ገልብጦ "ወይ ሚኒባሴ!" እያለ አቀፈው። የእኔ ተራ ነው። ነጠላዬን አገለደምኩና የመጀመሪያዋን ስንኝ ጣልኩ፦

"ሐረጎ ዳገቱ ምን አርጎህ ነበረ፣"

ሁለተኛዋ አልመጣችም። ኢምፕሮቫይዝ ስታደርጊ መቆም የለም፤ የመጣልሽን ትያለሽ፣ ቤት ባይመታም ትያለሽ። እኔ ግን አፌ ደረቀ። ሰዉ ዝም አለ። አንዷ መሳቅ ጀምራ አቆመች። ያኔ ካንቺ ወንበር ድምፅ መጣ፦

"ስንቱን ሰው አድርሰህ ያንተ ጉዞ ቀረ።"

በዚያ በድሮው ድምፅሽ። መጨረሻው ላይ ዝቅ በሚለው፣ ሴቶቹ እንዲቀበሉ ክፍት አድርገሽ በምትተዪው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያዘጋጀነው መስሏቸው ነበር። ባልደረባዬ መጥቶ እጅሽን ሳመ። እኔ ነጠላሽን ወደ አፍሽ ስትወስጂው አየሁ። እታለም አንገቷን ደፍታለች።

ለሚኒባስ ነው ያለቀስሽው? እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ። ስንኝ አልሰማም ብለሽ ነው? ያቺ ስንኝ ስንት ዓመት ውስጥሽ እንደቆየች ማን ያውቃል? እዚያው የመጣች አትመስልም። ቃሏ ተፈትጎ፣ ተበጥሮ ያለቀ ነው። ሌሊት ሌሊት ስትገጥሚለት ኖረሻል ማለት ነው።

ስንወጣ ባጃጅ ያዝን። አንቺ እስከ ቤት ስለ ባጃጅ ዋጋ ብቻ አወራሽ። "ከፒያሳ እዚህ ድረስ ይህን ያህል?" እያልሽ። እኔም "እውነትሽን ነው፣ ተወዷል" አልኩሽ።

አሁን የፈራሁትን ልጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ስደውል "ወንድምሽ ዛሬ አመሸ" አልሽኝ። "መጨረሻ ተራ ደርሶት ይሆናል" አልሽኝ። እኔም "አዎ እማዬ" ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ወጡን ምድጃ ላይ አሳረርኩት። እታለም እንደምትለው የእሱን ምሳ ከድነሽ የምታስቀምጪበት ቀን አለ። እሷን በአክስቴ ስም የምትጠሪበት ጊዜም አለ። ይህን ፊት ለፊት ማንም አልነገረሽም። እኔ ልንገርሽ ብዬ ወሰንኩ። አንቺ ነገር ተሸፍኖ ሲቀርብልሽ አትወጂም። የዓይንሽ ቀጠሮ ሲያልፍ ለዚህም ሐኪም እንዲያይሽ እፈልጋለሁ። መርሳት ከእርጅና ብቻ አይመጣም። ከቫይታሚን ማነስም፣ ከእንቅርት ሆርሞንም የሚመጣ አለ፣ በደም ምርመራ ይታያል፤ የሚታከም ሆኖ ሳለ ለምን እንቀመጣለን?

ሁለት ሐሳብ ይዞኛል። አንዱ ሐሳቤ "ተያት፣ ልጇ ኮምቦልቻ ደርሶ ይመለሳል ብላ ታምሽ፣ ምን ጎደለሽ?" ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያቺን ስንኝ ያስታውሰኛል። ያቺን ስንኝ የገጠመች ሴት አውቃለች። ካወቀች ደግሞ ብቻዋን ነው የያዘችው። ብትረሺው እንኳ የምትረሺው መሞቱን ነው፣ መጠበቁ አይለቅሽም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እየጠበቅሽ ማርጀትሽ።

የጋሼን ለቅሶ እንቀመጥለት እማዬ። አንቺ እያለሽ። ሙሾውን ካንቺ በቀር የሚያወርድለት የለም። እኔ መድረክ ላይ የሌላ አገር ንግሥት ሆኜ ለሺህ ሰው አለቅሳለሁ፣ ለወንድሜ ግን በእናቴ ግጥም አንድ ቀን "ወይ!" ብዬ አላውቅም። ድንኳን አያስፈልግም ካልሽ አይተከልም። ሰው አይምጣ ካልሽ ሦስታችን እንበቃለን። ጃኬቱን ከሳጥን እናወጣለን። አንቺ ታወርጃለሽ፣ እኔና እታለም እንቀበልሻለን። ፍትሐቱን ለቄሱ መንገር ያለብሽም አንቺ ነሽ፣ እናቱ ነሽ። ሐጂም ያን ቀን ቡናውን ጠጥተው ሲወጡ እያለቀሱ ነበር፤ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሻቸው ስለነበር አላየሽም። ቢጠሩ ደስ ይላቸዋል።

እምቢ ካልሽም መብትሽ ነው። አልቆጣሽም። ግን "ሟርተኛ" እንዳትዪኝ። አንድ ጊዜ ብለሽኛል፣ ይበቃኛል።

ሁሉም መልካም ሆኖ ይቆየን። ለሐጂ ቤት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእታለም ባለፈው የላክኩት ብር ለመድኃኒትሽ እንጂ ለቤት ኪራይ ማሟያ እንዳይሆን ንገሪልኝ፤ የኪራዩን ለብቻው እልካለሁ።

መልስሽን ለእታለም ልጅ ንገሪያትና ትደውልልኝ። እሺም በይ እምቢ፣ የዓይንሽ ቀጠሮ ዋዜማ ላይ ደሴ እገባለሁ። ልምምድ ስላለብኝ ቆይታዬ አጭር ነው፣ ትልቁንም ልጅ ይዤው እመጣለሁ። የግፊት ኪኒንሽን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ሌላ የምትፈልጊው ካለ ከመነሳቴ በፊት አስነግሪኝ። ሐኪም ቤት የምትሄጂበትን መኪና እታለም አሁኑኑ ታነጋግር፣ ጠዋት በብርዱ መንገድ ዳር ቆመሽ እንዳትጠብቂ።

የምትወድሽ፣
ትንሿ ልጅሽ